በመንገድና በትራንስፖርት ግዥ ለአነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የሚሰጥ ልዩ አስተያየት፦ ደባርቅ፣ ዳባትና የሰሜን ተራሮች ግርጌ

ልዩ አስተያየት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ፣ ግንባታ ወይም አገልግሎት ሲገዛ፣ አቅማቸው ውስን የሆኑ ተወዳዳሪዎች ገና ከጨረታው ደጃፍ እንዳይመለሱ በሕግ የሚደረግላቸው ማበረታቻ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የየብስ ትራንስፖርት ሕግ፣ ከፌዴራሉ የመንገድና የሕዝብ ማመላለሻ ገንዘብ በመርህ ደረጃ 10 በመቶው በማኅበራዊና በኢኮኖሚ ተጎጂ የሆኑ ሰዎች ለያዟቸው አነስተኛ ድርጅቶች እንዲደርስ ደንግጓል። በዚያ በሕዝብ ማመላለሻው በኩል ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የከተማ አውቶቡስና ባቡር የሚያንቀሳቅስ የሕዝብ ድርጅት ነው። በኢትዮጵያ ግን እንደ አንበሳ አውቶቡስ ያለ ድርጅት የአዲስ አበባ ነገር ነው፤ በደባርቅና በዳባት ሕዝቡን የሚያጓጉዙት በማኅበር የታቀፉ የግል ባለንብረቶች አውቶቡሶች፣ ሚኒባሶችና ባጃጆች ሲሆኑ፣ መንግሥት ታሪፍ ያወጣል፣ ስምሪት ይሰጣል፣ መናኸሪያውን ይቆጣጠራል። በዚህም ምክንያት ልዩ አስተያየቱ ከማጓጓዝ ሥራው ይልቅ በመንገድ፣ በድልድይና በከተማ ውስጥ ለውስጥ ንጣፍ ሥራ ላይ ጎልቶ ይታያል።

የልዩ አስተያየቱ የሕግ መሠረት እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ የፌዴራል መንግሥት የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ሲሆን፣ ዝርዝሩን ያወጣው የሰኔ 2002 ዓ.ም. የግዥ አፈጻጸም መመሪያ ነበር። በመመሪያው መሠረት ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ከሌሎች አገር በቀል ድርጅቶች ጋር ሲወዳደሩ የ3 በመቶ የዋጋ ብልጫ ይታሰብላቸው ነበር፤ የጨረታ ሰነድ ያለክፍያ ይወስዱ ነበር፤ የጨረታ ማስከበሪያ፣ የውል ማስከበሪያና የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ሲጠየቁም ከባንክ ዋስትና ይልቅ ያደራጃቸው አካል የሚጽፍላቸውን የዋስትና ደብዳቤ ያቀርቡ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የተከለሰው የዘርፉ ስትራቴጂ ጥቃቅን ያለው እስከ 5 ሠራተኛ ያለውን ሲሆን፣ አነስተኛ ያለው ደግሞ ከ6 እስከ 30 ሠራተኛና በኢንዱስትሪ ዘርፍ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር ጠቅላላ ሀብት ያለውን ነበር። ክልሎች በየራሳቸው የግዥ ሕግ ይተዳደራሉ፤ በወረዳ ደረጃ ግዥውን በአብዛኛው የሚፈጽመው የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ነው።

ከእነዚህ ማበረታቻዎች ብዙ ይነሳ የነበረው የ3 በመቶው ብልጫ ቢሆንም፣ ክብደቱ የነበረው በደብዳቤው ላይ ነው። አንድ ሚሊዮን ብር የጠየቀ ማኅበር በብልጫው ምክንያት 980 ሺህ የጠየቀውን ባለሀብት ሊያሸንፍ ይችል ነበር፤ ይሁን እንጂ ለዚያው ሥራ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ የሚሆን የውል ማስከበሪያ፣ ማለትም 100 ሺህ ብር፣ በባንክ በኩል አቅርብ ቢባል፣ ቤትም መኪናም በመያዣነት የሌላቸው ወጣቶች ማኅበር ዋጋው እስኪነጻጸር እንኳ አይቆይም ነበር። ደብዳቤው ይህን በር ይከፍት ስለነበር፣ ማኅበሩን ያደራጀው ጽሕፈት ቤት ደጋፊም ዋስም ሆኖ ይቆም ነበር፤ በዚያው ልክ ደብዳቤ ያላገኘ ማኅበር ከጨረታው ውጭ የሚሆነው በጽሕፈት ቤቱ ውሳኔ ነበር።

በአካባቢው ለዚህ ዓይነት ሥራ ሰፊውን ዕድል የፈጠረው በ2003 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ነው። ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የታቀደው ይህ ፕሮግራም፣ ሥራውን ለትልልቅ ተቋራጮች ብቻ ከመስጠት ይልቅ አዲስ ተመራቂ መሐንዲሶች በማኅበር ተደራጅተው በተቋራጭነትና በአማካሪነት እንዲገቡበት ታስቦ የተቀረጸ ነበር። በከተሞች ደግሞ የኮብልስቶን ሥራ ተመሳሳይ ሚና ነበረው፤ ድንጋይ አውጪው፣ ጠራቢውና አንጣፊው በየማኅበራቸው ሆነው ሥራውን ሲከፋፈሉት፣ አብዛኛው ወጪ ለጉልበት ስለሚውል ገንዘቡ ከከተማው ርቆ አይሄድም። የሰሜን ተራሮች የቆሙበት ባዛልት ለዚህ ሥራ የሚስማማ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በግልጽ ጨረታ ሳይሆን የገበያ ትስስር በሚባለው መንገድ፣ ሥራውን ከፋፍሎ ለተደራጁት በማደል ነው። ትስስሩ ሥራ በፍጥነት ያስገኛል፤ ጥራትና ዋጋ የሚወዳደሩበትን አጋጣሚ ግን ያጠባል።

አነስተኛ ተቋራጭን በደጋው አካባቢ ይበልጥ የሚፈትነው የጊዜው አቀማመጥ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚከፈተው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ያ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደባርቅ ዝናቡና ጭቃው የሚበረታበት፣ አፈር ቆርጦ መሙላት የማይቻልበት ወቅት ነው። ጨረታ ወጥቶ፣ ውል ታስሮና ቅድሚያ ክፍያ ተለቆ ሥራው ሲጀመር በጋው ይጋመሳል፤ ሰኔ ላይ ዝናቡም የሒሳብ መዝጊያውም አብረው ይደርሳሉ። ትልቅ ተቋራጭ የተጓተተ ክፍያን በባንክ ብድር ወይም በሌላ ፕሮጀክት ገቢ ሊሻገረው ይችላል፤ ማሽን በቀን ኪራይ የሚያሠራ ማኅበር ግን ማሽኑ ዝናብ ይዞት በቆመ ቁጥር ዕዳው ይከመርበታል። መመሪያው ወደ ጨረታው ሲገባ ያደረገለትን እገዛ በክፍያው ላይ አልደገመለትም፤ ከዚያ እገዛ ጎን ለአነስተኛ ተቋማት አጭርና የማይዛነፍ የክፍያ ቀነ ገደብ ቢኖር፣ ከ3 በመቶው ብልጫ ይበልጥ በጠቀማቸው ነበር።

በማጓጓዝ ሥራው ራሱ አነስተኛውን የሚጠብቀው ጨረታ ሳይሆን ተራ ነው። በአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲዎች በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ በቀጠና ሲመደቡ፣ ተራ አስከባሪዎችም በጥቃቅንና አነስተኛ እንዲደራጁ ተደርጓል። በደባርቅ ደግሞ ከሞተሩ ትራንስፖርት ጎን ለጎን የበቅሎ ጉዞ አለ፤ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለሚገባ ጎብኚ የሚያስፈልጉት በቅሎ አከራዮች፣ አስጎብኚዎችና ምግብ አብሳዮች በማኅበር ተደራጅተው ሥራውን በየተራቸው ይቀበላሉ። ተራ ከዋጋ ውድድር ይልቅ ድርሻን ያስቀድማል፤ አንድ በቅሎ ብቻ ያለው ገበሬ ብዙ ካለው ጋር በአንድ መዝገብ ይሰለፋል።

ጣሊያኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀደዱትና ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ የሚወርደው መንገድ፣ የእነዚህ ሁሉ ሥራዎች የጀርባ አጥንት ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በትግራይ የተቀሰቀሰው ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ በዘለቀ ጊዜ፣ በዚህ መስመር ላይ የተመሠረተው የአነስተኛ ማኅበራት ኑሮም አብሮ ተናግቷል። በግዥው በኩል ደግሞ፣ አዋጅ 649/2001ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ከመውጣቱ በፊት ጀምሮ የፌዴራል ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ሲዞር የቆየ ሲሆን፣ እንደ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የፌዴራል ተቋማት የሚያወጡትን ጨረታ መከታተል ኢንተርኔት የሚጠይቅ ሆኗል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ ሰነድ ያለክፍያ የመውሰድ መብት ያለው ማኅበር ሰነዱን የሚያወርድበት መስመር ያጣበት ጊዜ ነበር።