አሪያ ጁታኑጋርን፦ ታይላንድን ለዓለም የጎልፍ መድረክ ያበቃች ተጫዋች

ታይላንዳዊቷ ፕሮፌሽናል የጎልፍ ተጫዋች አሪያ ጁታኑጋርን በወንዶችም ሆነ በሴቶች ከዓለም ታላላቅ የጎልፍ ሻምፒዮናዎች አንዱን በማሸነፍ ከአገሯ የመጀመሪያዋ ናት።

አሪያ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1995 በባንኮክ ተወለደች። ወላጆቿ በአንድ የጎልፍ ሜዳ የስፖርቱን ዕቃዎች ይሸጡ ስለነበር ከታላቅ እህቷ ከሞሪያ ጋር ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጨዋታውን ለመደች። እ.ኤ.አ. በ2007 ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለች በአገሯ በተካሄደው የአሜሪካ ሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ማኅበር ውድድር ለመሳተፍ የሚያስችላትን ማጣሪያ በማለፍ በዕድሜ ትንሿ ተጫዋች ሆናለች።

በጎልፍ አሸናፊ የሚሆነው ኳሷን በአነስተኛ የምት ብዛት ወደ ጉድጓዶቹ ያስገባ በመሆኑ የአንዲት ቅጽበት ስህተት የቀናት ድካምን ልታሳጣ ትችላለች። አሪያ ይህን የተረዳችው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 በታይላንድዋ ፓታያ ከተማ በተካሄደው ውድድር ነበር። የ17 ዓመቷ ወጣት እስከ መጨረሻው ጉድጓድ ድረስ በ2 ምት ስትመራ ቆይታ፣ በ5 ምት ሊጠናቀቅ የሚገባውን ጉድጓድ በ8 ምት በመጨረሷ ድሉን በ1 ምት ልዩነት ለደቡብ ኮሪያዊቷ ኢንቢ ፓርክ አሳልፋ ሰጠች።

በዚያው ዓመት በሞሮኮ የተካሄደውን የላላ መርየም ዋንጫ ብታሸንፍም፣ ብዙም ሳይቆይ በአሜሪካ ለውድድር ስትዘጋጅ ወድቃ ትከሻዋ ላይ በደረሰባት ጉዳት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ለወራትም ከሜዳ ራቀች። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ አሜሪካው ማኅበር ውድድሮች ከገባች በኋላም በተከታታይ 10 ውድድሮች የአጋማሹን ማጣሪያ ማለፍ ተስኗት ነበር።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016 በተካሄደ አንድ ታላቅ ሻምፒዮና ሦስት ጉድጓዶች ሲቀሩ በ2 ምት ብትመራም በሦስቱም ላይ ተጨማሪ ምት በመጣሏ ድሉ ለኒውዚላንዳዊቷ ሊዲያ ኮ ሆነ። በዚያው ዓመት ፒያ ኒልሰንና ሊን ማሪዮት ከተባሉ አሠልጣኞች ጋር በመሥራት፣ ከእያንዳንዱ ምት በፊት ፈገግ በማለት መንፈሷን ማረጋጋትን ልማድ አደረገች።

ውጤቱም ፈጥኖ ታየ። በሜይ 2016 ሦስት ውድድሮችን በተከታታይ አሸነፈች። በጁላይ ወር ደግሞ በእንግሊዝ ወበርን የተካሄደውን የብሪታንያ ሴቶች ኦፕን በ3 ምት ልዩነት በማሸነፍ ለአገሯ አዲስ ታሪክ ጻፈች። በዚህ ውድድር ኳስን እጅግ አርቆ የሚመታውን ትልቁን ዱላ ይዛ አለመግባቷና ለርቀት ሳይሆን ለትክክለኛነት ቅድሚያ መስጠቷ ይታወሳል። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብላም ተሸለመች። በጁን 2017 በዓለም የሴቶች ደረጃ አንደኛ ሆነች።

እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ሴቶች ኦፕን የድሮው ስጋት ዳግም ተከስቶ ነበር። ዘጠኝ ጉድጓዶች ሲቀሩ በ7 ምት ትመራ የነበረችው አሪያ መሪነቱን አጥታ ከደቡብ ኮሪያዊቷ ኪም ህዮ ጁ ጋር እኩል ጨረሰች። ይሁን እንጂ በተጨማሪ ጨዋታ በአራተኛው ጉድጓድ ላይ አሸንፋ ሁለተኛውን ታላቅ ሻምፒዮና አገኘች። በዚያው ዓመት እህቷ ሞሪያም በሎስ አንጀለስ በማሸነፏ፣ ሁለቱ ከስዊድናውያኑ አኒካና ሻርሎታ ሶረንስታም ቀጥሎ በማኅበሩ ውድድሮች ያሸነፉ ሁለተኛዎቹ እህትማማቾች ሆነዋል።

አሪያ እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ከስምንት ዓመት በፊት በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ያጣችውን የፓታያ ውድድር በ1 ምት ልዩነት አሸነፈች። ሁለተኛ የወጣችው የ18 ዓመቷ ታይላንዳዊት አታያ ቲቲኩል ነበረች። አታያም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 በዓለም ደረጃ አንደኛ በመሆን በአሪያ የተከፈተውን መንገድ ተከትላለች።