ከፋፋ ፓኬት እስከ ቤት ለቤት

ፋፋን የማያውቅ አለ? ስሙ ራሱ ምርቃት ነው፤ ልጅ ሲወፍርና ሲያምርበት “ፋፋ” አይደል የሚባለው! ዱቄቱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተፈጠረ ሲሆን፣ ከጀርባው ኢትዮጵያና ስዊድን በ1962 ያቋቋሙት የሕፃናት ሥነ ምግብ ተቋም ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እህል ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ በፓኬት ይሸጥ።

ጥሩ! ግን ፓኬቱ ሱቅና ብር ባለበት ይቀራል። ደግሞስ ፓኬት ምክር ይሰጣል? አራስ ልጅ ቅቤ እንዳይልስ፣ እንገሩ እንዳይደፋ፣ ከስድስት ወር በኋላ ቀጭን አጥሚት ብቻ እንደማይበቃ የሚነግረው ሰው ነው።

ሰው የማሠልጠኑ ነገር የተጠናከረው ከ1978ቱ የአልማ አታ ጉባኤ በኋላ ነው። በደርግ ዘመን የጤና ወኪሎችና የልምድ አዋላጆች ከየአካባቢያቸው ተመርጠው አጭር ሥልጠና ወሰዱ። ደመወዝስ? “ሕዝቡ ይደግፋቸው” ተባለ። መቼም ታውቁታላችሁ... በባዶ ኪስ ስንት ጊዜ ይኬዳል? ብዙዎቹ ሥራውን ተዉት።

በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ሁለት ነገር ተለወጠ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ የመንግሥት ደመወዝም ተቆረጠላቸው። ለአንድ ቀበሌ ሁለት፣ በአገር ደረጃ ከ30,000 በላይ! ያኔ የእኛ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ሥነ ምግብ ከተማሯቸው 16 ፓኬጆች አንዱ ነው። የፋፋ ምሥጢርም ከፋብሪካ ወጥቶ ጓዳ ገባ፤ እናት የራሷን እህልና ጥራጥሬ ቀላቅላ ገንፎ እንድታገነፋ ማሳየት ሥራቸው ሆነ።

በ2000 ዕድሜያቸው አምስት ዓመት ካልሞላ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2016 ግን 38 በመቶ። ሁሉም የእነሱ ሥራ ነው አልልም፤ የእርሻውም፣ የትምህርቱም ድርሻ አለበት። ያለ እነሱም ግን አይታሰብም።

ታዲያ ምን ይገርማል? ከ2011 ጀምሮ የሴቶች የልማት ሠራዊት ተብሎ፣ በአንድ ለአምስት የተደራጁ እናቶች ይኼንኑ ምክር ጎረቤት ለጎረቤት እንዲያዳርሱ ተደረገ። ያለ ደመወዝ! የደርግ ዘመኑ ትምህርት የት ሄደ? ልጅ መመገብ የሴት ተፈጥሮ ነውና በነፃ ትሥራው የሚል ሐሳብ ውስጥ ውስጡን ያለ ይመስለኛል። ማስተማር ግን ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ዋጋ አለው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቸር ሰንብቱ!