ለራስ የሚሰጥ ግምትና ምክንያታዊ አስተሳሰብ

ለራስ የሚሰጥ ግምት ማለት ሰው ስለ ራሱ ዋጋ በውስጡ የያዘው ፍርድ ነው። ምክንያታዊ አስተሳሰብ ደግሞ ያ ፍርድ ማስረጃ አለው ወይስ ስሜት ብቻ ነው ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለቱ የት እንደሚገናኙ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ታውቀዋለች፦ ማዳም «አንቺ ምንም አታውቂም» ብላ ከጮኸች በኋላ ማታ ሲመላለስ በሚያድረው ሐሳብ ላይ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልበርት ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነገሩን በሦስት ከፈለው፦ የደረሰው ነገር፣ ስለ ነገሩ ያመንነው፣ ከዚያ የመጣው ስሜት። ስሜቱን የሚያከብደው ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ያለው እምነት ነው ይላል። ለምሳሌ ስትተኩሺ ሸሚዝ ተቃጠለ እንበል። «ሸሚዝ አቃጠልኩ» እውነት ነው። «ስለዚህ የማልረባ ሰው ነኝ» የሚለው ግን ከየት መጣ? በዚያው ቀን ልጆቹን አብልተሽ፣ አጥበሽ፣ አስተኝተሻል፤ እሱ ለምን አልተቆጠረም?

ኤሊስ ሥራን እንጂ ሰውን አትመዝኑ ባይ ነው። እንዲያውም ከፍ ያለ ግምትንም አያምነውም ነበር፤ ሲመሰገኑ የሚወጣ ግምት ሲሰደቡ ይወርዳልና። የእሱ ምክር ራስን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል ነው። በማዳም ፊት ስሜት ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ይመስለኛል።

ሐኪሙ አሮን ቤክ ደግሞ በ1960ዎቹ፣ ድብርት ያለባቸው ሰዎች ሳይጠሩት በሚመጣ ሐሳብ እንደሚጎዱ አስተዋለ። ሐሳቡ ቶሎ ስለሚያልፍ ሳይመረመር ይታመናል። «ሁልጊዜ»፣ «ምንም»፣ «ማንም» የሚሉ ቃላት ካሉበት ቆም ብለሽ እይው።

ጉዳቱ ስሜት ላይ ብቻ አይቀርም። «እኔን ማን ይሰማኛል» ብላ ያመነች ልጅ ደመወዟ ሦስት ወር ሲዘገይ አትጠይቅም፤ ወይም «ከዚያ ቤት ጥፊ፣ እጥፍ ይከፈልሻል» ያላትን ደላላ ስለ ኢቃማዋ ሳትጠይቅ ትከተላለች። የኩዌት የ2015 የቤት ሠራተኞች ሕግ ግን የሳምንት እረፍትና በቀን ከ12 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ሲል «ለጎበዞች ብቻ» አላለም። የኳታሩ የ2017 ሕግ ደግሞ 10 ሰዓት ይላል። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያካትትም፤ ያ የሕጉ ጉድለት እንጂ የአንቺ ዋጋ መለኪያ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አይምታታ። ድብደባ፣ ምግብ መከልከል፣ ደመወዝ መያዝ የአስተሳሰብ ችግር አይደሉም፤ በደል ናቸው። «አንቺ አስተሳሰብሽን አስተካክይ» ተብሎ አይታለፉም። አራት ሰዓት ብቻ ተኝታ የምትነሳ ሰውም ሁሉ ነገር ቢጨልምባት አይገርምም፤ እሷ በቅድሚያ የሚያስፈልጋት እንቅልፍ ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣም ለብቻ የሚመረመር አይደለም፤ ለምታምኚው ሰው ዛሬውኑ ንገሪ።

ለሌላው ጊዜ ስልክሽ ላይ በአማርኛ ሁለት መስመር ጻፊ። አንዱ ላይ ቀኑንና የሆነውን ብቻ፦ «በ5 ደመወዝ ጠየቅኩ፣ በሚቀጥለው ወር አሉኝ»። ሌላው ላይ አንቺ የደመደምሽውን፦ «ስለማልረባ ነው»። ሁለተኛውን ጠዋት ተነስተሽ አንብቢው፤ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ጋር አይያያዝም። የመጀመሪያውን ግን አታጥፊው፣ ቅጂውንም ለእህትሽ ወይም ለጓደኛሽ ላኪ። ጉዳዩ ኤምባሲ ወይም የሥራ ቢሮ ከደረሰ መጀመሪያ የምትጠየቂው ቀኑንና የሆነውን ነው።