ከወለቃ መንገድ ዳር እስከ ኢንተርኔት ሱቅ

ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ እናቶቻችን ድስት፣ ጀበናና ትንንሽ የሸክላ ምስል ሠርተው መንገድ ዳር ለቱሪስት ይሸጡ ነበር። ወደ እስራኤል ሲመጡ ሙያው እጃቸው ላይ አብሮ መጣ፤ የቀረው መንገድ ዳሩ ነው። ታዲያ እዚህ ቤር ሼቫ የት ይሸጥ?

በ2011 እ.ኤ.አ. ዉኮሜርስ የሚባል የሱቅ ሶፍትዌር ወጣ። ካወጣው ድርጅት ሦስት መሥራቾች ሁለቱ ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው (ደስ አይልም?)። እሱም ከባዶ አልተነሣም፤ ጂጎሾፕ የሚባለው ሶፍትዌር ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለነበር እዚያ ላይ ቀጠሉበት፣ ልክ ልጅ የእናቷን ሙያ እንደምትቀጥለው። ሶፍትዌሩ በነፃ ነው፤ የሰርቨር ኪራይና የካርድ ኮሚሽን ግን ይከፈላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ስሙ ነው። ጀበናን በዕብራይስጥ «ካንካን» ብለን ብቻ ከለጠፍነው፣ ገዢው ማንኛውም ማንቆርቆሪያ ይመስለዋል። ስሞቹን የሚያውቁት እናቶች ደግሞ እያረጁ ነው። ፎቶ ከማንሳታችን በፊት አጠገባቸው ቁጭ ብለን እንጻፍ።