መሬት ቀጠሮ አትሰጥም

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማን። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ተባባልን። ከየትም አልመጣም፤ ድሮም ነበረ። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ የካራቆሬም ብዙ ቤቶች ወድቀዋል። ካናዳዊው ቄስ ፒየር ጉዌን የአገራችንን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ፣ ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል ሳይቀር ለቃቅመው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አውጥተውልናል። እኔን የሚገርመኝ መሬት መንቀጥቀጧ አይደለም፤ ስምጥ ሸለቆ ዳር የሚኖር ሕዝብ እንዲህ ቶሎ መርሳቱ ነው። ጥናቱ አለ፤ የግንባታ ደንቡም ወጥቷል። የዛሬዋ አዲስ አበባ ደግሞ ፎቅ በፎቅ ሆናለች። እናንተ ፎቅ የምትሠሩ ሰዎች፣ ከብረቱም ከሲሚንቶውም ከመቀነሳችሁ በፊት እስቲ ማጀቴን ጠይቁ።