ባሕረ ሐሳብ፦ የጎጃም ደጋ ነጻ ቀን መቁጠሪያ

በጎጃም ደጋ ቀጠሮ የሚያዘው በቁጥር ብቻ አይደለም፤ በታቦት ስምም ነው። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ነው። የማኅበር ጠላ የሚጠመቀው፣ ተበዳሪ ዕዳውን ለመክፈል የሚቀጥረው፣ ገበሬ በሬዎቹን አሳርፎ የሚውለው በእነዚህ ቀናት እየተመራ ነው። ይህን ለመያዝ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት አላስፈለገም።

የሚያስቸግሩት ከዓመት ዓመት ቦታ የሚቀይሩት አጽዋማትና በዓላት ናቸው። ነነዌ መቼ ትገባለች? ዐቢይ ጾም መቼ ይያዛል? ፋሲካስ በስንት ይውላል? ይህ ሳይታወቅ የሠርግ ቀን አይቆረጥም፤ በግ አድልቦ ለገበያ የሚያወጣውም ጊዜውን አያውቀውም። መልሱ ከደብሩ መሪጌታ ዘንድ ነበር።

መሪጌታው ያን ዕውቀት ያገኘው ደግሞ ከአብነት ትምህርት ቤት ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ፣ ደብረ ኤልያስና ጎንጅ ከየአገሩ ተማሪ ይጎርፍባቸው ነበር። ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ ቦታ የተወለዱት ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። የቆሎ ተማሪ የሚበላውን ለምኖ ያድራል እንጂ ዕውቀቱን በገንዘብ አይገዛም ነበር። ከሚማረው አንዱ አጽዋማትና በዓላት የሚሰሉበት ባሕረ ሐሳብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሌቱን ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ትሰጣለች፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ሊቅ አቡሻክር ስለ ዘመን ቆጠራ የጻፈው መጽሐፍም ወደ ግእዝ ተመልሶ በሊቃውንቱ እጅ ሲዞር ኖሯል።

አሠራሩን በ2018 ዓ.ም. ማየት ይቻላል። በ2018 ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ4 ተካፍሎ 2 ስለሚተርፍ ዘመኑ ማርቆስ ነው፤ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ስሟን የለወጠችበት ወንጌላዊ ማለት ነው። ያው 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ተቀንሶ 12 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይወጣል። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልመጡ ስሌቱ ተሳስቷል፤ ተማሪው ራሱን የሚያርምበት መንገድ በውስጡ አለ። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ላይ ይውላል። ዕለቱ እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ነው፤ 18 እና 7 ተደምረው 25። ነነዌ ጥር 25 ገባች ማለት ነው። ከዚያ 14 ቀን ተቆጥሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ከነነዌ 69 ቀን ተቆጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይሆናል።

የዓመቱን ጾምና በዓል በጥቂት ማካፈልና ማባዛት፣ ያውም በቃል፣ ማውጣት ታላቅ የእውቀት ሥራ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1993 ዓ.ም. «ባሕረ ሐሳብ» በሚል ርእስ ያሳተሙት መጽሐፍ ይህን ቅርስ ለአማርኛ አንባቢ በሰፊው አቅርቧል።

ኮምፒውተር ሲመጣ መጀመሪያ የቸገረው ስሌቱ ሳይሆን ፊደሉ ነበር። እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ለፊደላችን የየራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ አንዱ ቢሮ የጻፈው ሌላው ቢሮ ሲከፍተው የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል በ3.0 እትሙ ሲያካትት የጋራ መሠረት ተገኘ። በኋላም ዘመን አቆጣጠሩ ተከተለ፤ ዛሬ በጃቫስክሪፕት የተሠራ ገጽ የኢትዮጵያን ቀን ከብሮውዘሩ ከራሱ መጠየቅ ይችላል። ከምሕረቱ ዓመት ሌላ ዓመተ ዓለሙም ለብቻው ተመዝግቧል፤ የአብነት ተማሪ የሚነሣበት 7518 በብሮውዘሩ ውስጥ አለ።

ተንቀሳቃሾቹ በዓላት ግን ከዚያ አይገኙም። የደብረ ማርቆስ ሠራተኛ ደብዳቤውን በእኛ ቀን ይጽፋል፤ ስብሰባውን የሚመዘግብበት ነጻ የኢንተርኔት ቀን መቁጠሪያ ብዙውን ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሄዳል፤ ነነዌንም አያውቃትም። ክፍተቱን ለመሙላት አዲስ ፕሮግራም መግዛት አያሻም። ጎግል ሺትስ ላይ ቀሪን የሚያወጣው ሞድ የተባለ ቀመር ከወንበር እስከ መጥቅዕ ያለውን ይሠራል። ከዓመተ ዓለሙ አስቀድሞ አንድ ቀንሶ ለ19 ማካፈል ደግሞ ቀሪው ዜሮ በሚሆንበት ዓመትም ወንበሩን በትክክል ይሰጣል። ወንበሩ ዜሮ ሲሆን መጥቅዑ 30 መባሉን ግን ለብቻው መጻፍ ግድ ነው። የእድር ወይም የማኅበር ጸሐፊ ይህን አንድ ጊዜ ቢሠራው የየዓመቱን ቀን ለአባላቱ በነጻ ማካፈል ይችላል፤ ሊቃውንቱ ሲያደርጉት እንደኖሩት።

እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ መፈተኛው ዘመነ ዮሐንስ ነው። የ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለሚሆን ዘመነ ዮሐንስ የሆነው የ2020 መስከረም 1 በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ላይ ይውላል፤ ገናም ታኅሣሥ 29 መሆኑ ቀርቶ በ28 ይከበራል።