ሰው ሠራሹ አድማስ ሲዋሽ

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሌዎን ፉኮ በ1852 እ.ኤ.አ. የመሬትን መሽከርከር ለማሳየት የሠራውን መሣሪያ «ጂሮስኮፕ» ብሎ ሲሰይመው፣ በሞተር የሚበር አይሮፕላን ገና አልተፈጠረም ነበር። ከሰባ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1929 እ.ኤ.አ.፣ ጂሚ ዱሊትል በኒው ዮርክ ግዛት በሚቸል ፊልድ መቀመጫው በሸራ ተጋርዶ፣ ወደ ውጭ አንዳች ሳያይ ተነሥቶ በረረ፤ አረፈም። ከሬዲዮ ምልክትና ከከፍታ መለኪያ ጋር ዐይን የሆኑለት በኤልመር ስፔሪ ኩባንያ የተሠሩት ሰው ሠራሽ አድማስና የአቅጣጫ ጂሮስኮፕ ነበሩ።

ይህ ታሪክ ዘወትር የሚተረከው ለአብራሪው ጀግንነት ሲባል ነው። ለጥገና ባለሙያ ግን የሚበልጠው ጥያቄ በመሣሪያው ውስጥ ያለውን መንኮራኩር የሚያዞረው ኃይል ከየት ይመጣል የሚለው ነው። በቀደሙት አይሮፕላኖች አየሩን የሚስበው ከአካላቸው ውጭ የተተከለ ቬንቱሪ የተባለ ቱቦ ነበር፤ አይሮፕላኑ ፍጥነት ካላገኘ አይስብም፣ ደመና ውስጥም በረዶ ይደፍነዋል፤ በሚፈለግበት ሰዓት ይከዳል ማለት ነው። ቀጥሎ የመጣው፣ በሞተር የሚዞረውና በዘይት የሚለሰልሰው ፓምፕ ዕድሜው ረጅም ቢሆንም የዘይት ጭጋግ ይተፋ ነበር። በ1960ዎቹ የመጣው ደረቅ ፓምፕ ይህን አስቀረ፤ የካርቦን ምላሶቹ እየተፋቁ ራሳቸውን ያለሰልሳሉና። የንጽሕናው ዋጋ ግን ከባድ ነው፤ ምላሶቹ ሲያልቁ ብዙውን ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰበራሉ።

ስለሆነም የብልሽት ፍለጋው ከመሣሪያው ሳይሆን ከአየሩ ይጀምራል። አድማሱና የአቅጣጫ ጂሮስኮፑ አንድ ላይ ከደከሙ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የጋራ ምንጫቸው ነው፤ አንዱ ብቻ ከታመመ ወደ እርሱና ወደ ቱቦው መመልከት ይገባል። የመሳብ ኃይሉ በብዙዎቹ ቀላል አይሮፕላኖች 5 ኢንች ሜርኩሪ ግድም ነው። ቁጥሩ ሲወርድ መቆጣጠሪያውን ነካክቶ ወደ ቦታው መመለስ በሽታውን መሸፈን እንጂ መፈወስ አይደለም፤ አቧራና የትምባሆ ጭስ የደፈነው ፊልትሮ እንደታፈነ ይቀራል። የተሰበረ ፓምፕ ሲለወጥም ቱቦዎቹ ካልጸዱ የቀረው የካርቦን ስባሪ አዲሱን ሊያበላሽ ይችላል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ጆሮ ጣል ማድረግም አይከፋም፤ መንኮራኩሩ እስኪቆም የሚያሰማው የመፋጨት ድምፅ የኩሽኔታውን ሁኔታ ይናገራል።

ብልሽት የሚመስል ሁሉ ግን ብልሽት አይደለም። ማካካሻ ያልተደረገለትን የአቅጣጫ ጂሮስኮፕ የመሬት መሽከርከር ብቻውን በዋልታ ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ፣ አዲስ አበባ በምትገኝበት 9 ዲግሪ ሰሜን ደግሞ ከ2 ዲግሪ ጥቂት በላይ ፈቀቅ ያደርገዋል።

እጅግ የሚያሰጋው መሣሪያው ቀስ ብሎ ሲሞት ነው። አየሩ ቢቋረጥም መንኮራኩሩ ለደቂቃዎች ይዞራል፤ አድማሱ ጥቂት በጥቂት ያዘነብላል፣ አብራሪውም አምኖት አብሮ ያዘነብላል። የመታጠፊያ አመልካቹ በብዙዎቹ አይሮፕላኖች በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የተደረገው ስለዚህ ነው።

አንዱ አድማስ ብቻ ሲከዳም አደጋው አያንስም። ኦክቶበር 16 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. የሚዙሪ ገዥ ሜል ካርናሃንና ሁለት ሰዎች የሞቱባት ሴስና ከመውደቋ በፊት፣ አብራሪው ዋናው አድማስ እንዳስቸገረው ለተቆጣጣሪዎች በሬዲዮ ተናግሮ ነበር። በጨለማና በመጥፎ አየር፣ ዐይኑን በቀኝ መቀመጫ ፊት ወዳለው አድማስ እያዞረ ለመብረር ተገደደ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም የአብራሪውን የሚዛን ስሜት መሳት ለአደጋው ምክንያት ሲያደርግ፣ የአድማሱን ብልሽትና የአየሩን ክፋት አጋዥ ምክንያቶች ብሎ መዘገበ።